ፖፕ አፕ ሲታገድ የማይቆም ድረ ገጽ አሠራር፦ ደረጃ በደረጃ

ደንበኛው «ክፈል» የሚለውን በተን ይጫናል። ምንም አይከፈትም። ደግሞ ይጫናል፤ ያው ነው። ብራውዘሩ በአድራሻው ሳጥን አካባቢ ትንሽ ምልክት አሳይቶ ፖፕ አፕ፣ ማለትም ገጹ ሊከፍተው የሞከረውን አዲስ መስኮት፣ ማገዱን ተናግሯል፤ በተለይ በስልክ ስክሪን ላይ ግን ያንን ልብ የሚለው ጥቂት ሰው ነው። ሌላው ሳይቱ ተበላሽቷል ብሎ ይወጣል፤ ሻጩም ገበያው ለምን እንደቀረበት ሳያውቅ ይቀራል።

ይህ መመሪያ እንዲህ ዓይነት በተን ለሚሠሩ ዴቨሎፐሮችና ዲዛይነሮች ነው። የማምንበትን ከወዲሁ ልናገር፦ አዲስ መስኮት ይከፈት አይከፈት የሚለውን የሚወስነው ተጠቃሚው ነው፤ ብራውዘሩም የቆመው ለእሱ ነው። እገዳውን የማለፊያ ዘዴ ከመፈለግ ይልቅ መስኮቱ ባይከፈትም ሥራው የሚያልቅበትን መንገድ መንደፍ ይሻላል። ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል ሂዱባቸው። ጊዜ ያጠረው ቢያንስ ደረጃ 2ን እና ደረጃ 4ን አይዝለል።

እገዳው ለምን መጣ?

ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ጃቫስክሪፕት በ1996 ከኔትስኬፕ ናቪጌተር 2 ጋር ሲወጣ ድረ ገጾች በራሳቸው ፈቃድ መስኮት የመክፈት አቅም አገኙ። በዚያው ዘመን ትራይፖድ በተባለ ድርጅት ይሠራ የነበረው ኢታን ዙከርማን ማስታወቂያን ለብቻው በሚከፈት መስኮት የሚያሳይ ኮድ ጻፈ። የፈለገው ማስታወቂያ አስነጋሪዎች ስማቸው ከማይወዱት ገጽ ጋር አብሮ እንዳይታይ ነበር። በ2014 በጻፈው ጽሑፍ ለዚህ ሥራው ይቅርታ ጠይቋል። ሐሳቡ ክፋት አልነበረበትም፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ግን አንድ ገጽ ሲከፈት መስኮት በመስኮት ላይ የሚደረብበት፣ አንዳንዱም ከጀርባ ተደብቆ ቆይቶ ብራውዘሩ ሲዘጋ የሚገኝበት ጊዜ ሆነ።

ከብራውዘሮች ኦፔራ ቀድሞ ማገጃ አስገባ። ሞዚላ 1.0 በ2002፣ ሳፋሪ በ2003 ተከተሉ። በኦገስት 2004 ለዊንዶውስ ኤክስፒ በወጣው ሰርቪስ ፓክ 2 ደግሞ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ራሱ ማገድ ጀመረ። ያን ጊዜ አብዛኛው ሰው የሚጠቀመው እሱን ስለነበር፣ ከዚያ ወዲህ ድረ ገጽ የሚሠራ ሰው መስኮቱ እንደሚከፈት እርግጠኛ ሊሆን አይችልም።

ደረጃ 1፦ የሚከፈተውን ሁሉ ዘርዝሩ

ኮዳችሁ ውስጥ «ዊንዶው.ኦፕን» የሚለውን ፈልጉ። «ታርጌት ብላንክ» የተጻፈባቸውን ሊንኮች ፈልጉ። «አለርት»፣ «ኮንፈርም» እና «ፕሮምፕት» የሚባሉትን የብራውዘሩን የራሱን መልእክት ሳጥኖች ጨምሩ፤ የኖቲፊኬሽን ፈቃድ መጠየቂያንም አትርሱ። በመጨረሻ ከሌላ ድርጅት የተወሰዱ ኮዶችን፣ ማለትም የቻት ሳጥን፣ የማስታወቂያና የመጋሪያ በተኖችን እዩ። የራሳችሁ ኮድ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ከእነዚህ አንዱ ሳይታሰብ መስኮት ሊከፍት ይችላል።

ለእያንዳንዱ ሦስት ነገር ጻፉ። የሚያስነሣው ማን ነው፣ የተጠቃሚው ጣት ወይስ ኮዱ ራሱ? ውስጡ ያለው ምንድን ነው? ባይከፈት ተጠቃሚው ምን ያጣል? ኮዱ ራሱ የሚያስነሣቸውን አዳዲስ መስኮቶች እዚያው ሰርዟቸው፤ ቀድሞውንም አይከፈቱም። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ «ክፍያውን»፣ «ደረሰኙን» ወይም «መግቢያውን» የሚል መልስ ያገኛችሁባቸው ላይ ምልክት አድርጉ። የቀረው ሥራ በዋናነት ስለ እነሱ ነው።

ደረጃ 2፦ ብራውዘሩ በምን እንደሚወስን እወቁ

ብዙ ሰው «ከክሊክ በኋላ ከሆነ ይከፈታል» ብሎ ያስባል። በግርድፉ ልክ ነው፤ ችግሩ ግን ያለው ዝርዝሩ ላይ ነው።

የኤችቲኤምኤል ስታንዳርድ «ትራንዚየንት አክቲቬሽን» የሚለው ነገር አለ። ተጠቃሚው አይጤውን ሲጫን፣ ከኪቦርዱ ቁልፍ ሲመታ (ኢስኬፕ አይቆጠርም) ወይም ስክሪኑን ነክቶ ጣቱን ሲያነሣ ገጹ ለአጭር ጊዜ የሚያገለግል ፈቃድ ያገኛል። ወደ ታች ማንሸራተት፣ አይጤን በአንድ ነገር ላይ ማሳለፍ፣ የገጹ መከፈት፣ የሰዓት ቆጣሪ ማለቅ ፈቃድ አይሰጡም።

ይህ ፈቃድ ሁለት ጠባይ አለው። የመጀመሪያው ጊዜው የሚያልፍበት መሆኑ ነው። በክሮምና በፋየርፎክስ 5 ሰከንድ ገደማ ይቆያል፤ ሳፋሪ ከዚህ ይበልጥ ይጠነቀቃል፤ ከክሊኩ በኋላ ከሰርቨር መልስ ተጠብቆ የሚከፈትን መስኮት ክሮም ባሳለፈበት ቦታ እንኳ ሊያግደው ይችላል። ሁለተኛው፣ መስኮት ሲከፈት ፈቃዱ ያልቃል። በአንድ ክሊክ ደረሰኝም ቲኬትም በሁለት መስኮት ልክፈት ብትሉ ሁለተኛው ይታገዳል።

አሁን ይህንን ከኔትወርክ ጋር አገናኙት። የተለመደው ኮድ እንዲህ ነው፦ ተጠቃሚው ይጫናል፣ ኮዱ ወደ ሰርቨር ጥያቄ ይልካል፣ ሰርቨሩ የደረሰኙን አድራሻ ይመልሳል፣ ኮዱ መስኮቱን ይከፍታል። ቢሮ ውስጥ ፈጣን ዋይፋይ ላይ መልሱ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይመጣል፤ ሁሉም ይሠራል። በተጨናነቀ የሞባይል ዳታ ላይ ያለ ሰው ግን መልሱ የሚደርሰው በስድስተኛው ወይም በሰባተኛው ሰከንድ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ፈቃዱ አልፏል። ስሕተቱ ኮዱን በጻፈው ሰው ጠረጴዛ ላይ ፈጽሞ አይታይም፤ የሚያገኘው ኔትወርኩ ደካማ የሆነውን ሰው ብቻ ነው። ለኢትዮጵያ ተጠቃሚ የምትሠሩ ከሆነ ይህን አንቀጽ ደግማችሁ አንብቡት፤ «አንዳንዴ ይሠራል አንዳንዴ አይሠራም» ከሚሉ ቅሬታዎች ጀርባ ብዙ ጊዜ ይህ አለ።

ደረጃ 3፦ መስኮት የማያስፈልጋቸውን ወደ ገጹ መልሱ

በዝርዝራችሁ ካሉት አብዛኞቹ አዲስ መስኮት አያስፈልጋቸውም። የአገልግሎት ውል፣ የመጠን ሰንጠረዥ፣ «ስለ እኛ» የመሳሰሉት ተራ ገጽ ሆነው በተራ ሊንክ ይከፈቱ። ተጠቃሚው በሌላ ታብ ከፈለጋቸው እንዴት እንደሚከፍት ያውቃል።

«እርግጠኛ ነዎት?» ለሚል ማረጋገጫ፣ ለአጭር ፎርም ወይም ለፎቶ ማጉያ «ዳያሎግ» የሚባለውን የኤችቲኤምኤል ኤለመንት ተጠቀሙ። ክሮም በ2014 አስገብቶታል፤ ፋየርፎክስና ሳፋሪ በማርች 2022 ስለተከተሉ ዛሬ ያለ ስጋት ይሠራበታል። «ሾው ሞዳል» በሚለው ዘዴ ሲከፈት የቀረው ገጽ እንዳይነካ ያደርጋል፣ የኪቦርድ ትኩረቱን ወደ ውስጥ ያስገባል፣ ኢስኬፕ ሲመታ ይዘጋል። ይህን ሁሉ በራስ ኮድ መጻፍ አድካሚ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ስክሪን ሪደር ለሚጠቀሙ ዓይነ ስውራን ጎዶሎ ሆኖ ይቀራል። ለትንንሽ ማብራሪያዎችና ምናሌዎች «ፖፕኦቨር» የተባለው አሠራር አለ፤ ፋየርፎክስ በኤፕሪል 2024 ሲቀበለው በሁሉም ዋና ብራውዘሮች የሚሠራ ሆነ።

በገጹ ውስጥ የሚታይ ሳጥን በፖፕ አፕ ማገጃው አይነካም። ስለዚህም ነው መስኮት መክፈት የተከለከሉት ማስታወቂያዎች ወደ ገጹ ውስጥ ገብተው ጽሑፉን መሸፈን የጀመሩት። እዚያም ቢሆን ጠባቂ አላጡም። ጉግል ከጃንዋሪ 10 ቀን 2017 ጀምሮ፣ ከፍለጋ የመጣን የሞባይል ተጠቃሚ ወዲያው ሙሉ ሽፋን የሚያሳዩ ገጾችን በፍለጋ ውጤት ዝቅ ሊያደርግ እንደሚችል አስታውቋል። በሕግ ግዴታ የሚታዩ እንደ ኩኪ ማሳወቂያና የዕድሜ ማረጋገጫ ያሉት፣ እንዲሁም መጠነኛ ቦታ የሚይዙ ባነሮች ከዚህ ውጭ ናቸው። ክሮም ደግሞ ከፌብሩዋሪ 15 ቀን 2018 ወዲህ «የተሻለ ማስታወቂያ ጥምረት» (ኮአሊሽን ፎር ቤተር አድስ) የተባለው ቡድን ያወጣውን መለኪያ ደጋግመው በሚጥሱ ሳይቶች ላይ ማስታወቂያዎችን ያጣራል።

«ቴሌግራም ቻናላችንን ይቀላቀሉ» የሚል ሽፋን ጽሑፉን ገና ላላነበበ ሰው የምታሳዩ ከሆነ እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡበት። ሰውየው ቻናሉን የሚፈልገው ጽሑፉን ከወደደው ነው። ግብዣውን በጽሑፉ መጨረሻ ላይ ብታስቀምጡት ፍለጋውም አይቀጣችሁም፣ አንባቢውም አይቆጣም።

የስም አወጣጥም ቁም ነገር ነው። ዩብሎክ ኦሪጅንና መሰል የማስታወቂያ ማገጃዎች የሚሠሩት በተዘጋጁ ዝርዝሮች ሲሆን ብዙዎቹ ደንቦች የሲኤስኤስ ክላስ ስምን ይመለከታሉ። የመላኪያ አድራሻ የሚሞላበትን ሳጥን ማስታወቂያ ወይም ፖፕ አፕ የሚያስመስል የእንግሊዝኛ ስም ብትሰጡት ከዝርዝሩ ጋር ተገጣጥሞ ሊደበቅ ይችላል። ሥራውን የሚገልጽ ስም ስጡት።

ደረጃ 4፦ ክፍያና መግቢያ

ክፍያን በፖፕ አፕ የሚሠሩ ሰዎች የሚፈሩት አንድ ነገር ነው፤ ደንበኛው ከገጹ ከወጣ የመረጠው ዕቃ ይጠፋል ብለው ነው። መፍትሔው ደንበኛው ከመውጣቱ በፊት የግዢ ትዕዛዙን ሰርቨር ላይ ማስቀመጥና መለያ ቁጥር መስጠት ነው። ከዚያ በኋላ በዚያው ታብ ወደ ክፍያው ገጽ ውሰዱት።

ቻፓ የተባለውን የክፍያ አገልግሎት እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ሰርቨራችሁ የገንዘቡን መጠንና የትዕዛዙን መለያ ልኮ ክፍያውን ያስጀምራል፤ በምላሹ የመክፈያ ገጽ አድራሻ ይቀበላል። ደንበኛው ወደዚያ አድራሻ ይሄዳል፤ ከፍሎ ሲጨርስ እናንተ ወደ ሰጣችሁት የመመለሻ አድራሻ ይመጣል። ሁሉም በአንድ ታብ ያልቃል፤ የሚታገድ ነገር የለም። የሚቀሩላችሁ ሁለት ሥራዎች ናቸው። አንደኛ፣ ደንበኛው መመለሱን ብቻ እንደ ክፍያ ማስረጃ አትቁጠሩ፤ ሰርቨራችሁ የክፍያውን ሁኔታ ጠይቆ ያረጋግጥ። ሁለተኛ፣ ደንበኛው ሳይከፍል «ተመለስ» የሚለውን ቢጫን የመረጠው ዕቃ ባለበት ይጠብቀው።

ይህ አካሄድ በተለይ የሚጠቅመው ተጠቃሚዎቹ በሁለት ዓለም ላሉት ሳይት ነው። ለእናቱ የበዓል ዕቃ ከዋሽንግተን የሚያዝዘው ልጅ በአይፎን ሳፋሪ ይመጣል፤ አዲስ አበባ ያለችው እኅቱ ያንኑ ሊንክ አንድሮይድ ላይ ከቴሌግራም ትከፍተዋለች። በዚያው ታብ የሚሄድ ክፍያ በሁለቱም ዘንድ አንድ ዓይነት ነው።

በጉግል መግባት ላይ ግን ሁኔታው ትንሽ ይለያል። ፋየርቤዝ የተባለውን የጉግል አገልግሎት ብትወስዱ በፖፕ አፕም በመመላለስም (በዚያው ታብ ወደ መግቢያው ገጽ ሄዶ በመመለስ) መግባት ይፈቅዳል። መመላለሱ ሁልጊዜ የተሻለ ነው ማለት አይቻልም፤ ብራውዘሮች ሌላ ዶሜን የሚያስቀምጠውን መረጃ እየገደቡ ስለመጡ፣ የመግቢያ ረዳት ገጹ በራሳችሁ ዶሜን ላይ ካልተቀመጠ ሊሰናከል ይችላል። ስለዚህ ለመግቢያ ፖፕ አፕን ብትመርጡ አልቃወምም። ሆኖም የመግቢያ ላይብረሪው ገጹ ሲከፈት ተጭኖ ይጠብቅ፤ በተኑ ሲጫን መስኮቱ ያለ ምንም መካከለኛ ጥያቄ ወዲያው ይከፈት። ሰርቨራችሁ «ክሮስ ኦሪጅን ኦፕነር ፖሊሲ» የሚባለውን ሄደር በጥብቅ ዓይነቱ የሚልክ ከሆነ መስኮቱ ተከፍቶም ከገጻችሁ ጋር መነጋገር አይችልም፤ ፖፕ አፕን የሚፈቅደውን ዓይነት አድርጉት።

ደረጃ 5፦ መስኮት ግድ ሲሆን

አድራሻው አስቀድሞ የሚታወቅ ከሆነ ጃቫስክሪፕት አያስፈልግም። «ታርጌት ብላንክ» ያለበት እውነተኛ ሊንክ አስቀምጡ፤ ተጠቃሚው ራሱ የተጫነውን ሊንክ ብራውዘሩ አያግድም። ክሮም ከ2021 ወዲህ እንዲህ ያለው ገጽ የከፈተውን ገጽ እንዳይቆጣጠር በራሱ ይከላከላል፤ ለቆዩ ብራውዘሮች ግን «ኖኦፕነር» የሚለውን ጨምሩበት። ሊንኩ በአዲስ ታብ እንደሚከፈትም በጽሑፍ ወይም በምልክት ተናገሩ።

አድራሻው ከሰርቨር የሚጠበቅ ሲሆን ሁለት መንገድ አለ። አንዱ፣ ክሊኩ እንደተጫነ ባዶ መስኮት መክፈት፣ ውስጡ «ደረሰኝዎ እየተዘጋጀ ነው» ብሎ መጻፍ፣ መልሱ ሲመጣ አድራሻውን መስጠት ነው። ሰርቨሩ ስሕተት ቢመልስ ያንን ባዶ መስኮት መዝጋት አትርሱ። ሌላው መንገድ በሁለት እርምጃ መሥራት ነው፦ በመጀመሪያው ክሊክ «እየተዘጋጀ ነው» የሚል ጽሑፍ በዚያው ገጽ ላይ ይታያል፤ ሲያልቅ በቦታው «ደረሰኙን ክፈት» የሚል ሊንክ ይመጣል። ክሊክ ይጨምራል ብለው የሚቃወሙ አሉ። እኔ ግን ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ባዶ ነጭ መስኮት ላይ አሥር ሰከንድ የሚጠብቅ ሰው ተስፋ ቆርጦ ይዘጋዋል፤ የሁለት እርምጃው ደግሞ ኔትወርኩ የቱንም ያህል ቢዘገይ አይታገድም፣ ሊንኩም ለሁለተኛ ጊዜ ለመክፈት እዚያው ይቆያል።

«ዊንዶው.ኦፕን» የሚመልሰውን ሁልጊዜ መርምሩ። ከታገደ «ነል» ይመልሳል። ይሁንና «ኖኦፕነር» ጨምራችሁ ከጠራችሁት መስኮቱ ቢከፈትም «ነል» ነው የሚመልሰው። ይህን ያላወቀ ሰው መስኮቱ ለተከፈተለት ተጠቃሚ ሁሉ «ታግዷል» ይለዋል።

ታግዶ ስታገኙት ምን ትላላችሁ? «እባክዎ የፖፕ አፕ ማገጃዎን ያጥፉ» አትበሉ። ለአንድ ደረሰኝ ሲባል ሰውን ጥበቃውን አጥፋ ማለት ተገቢ አይደለም፤ ማጥፊያው የት እንዳለ የሚያውቀውም ጥቂት ነው። «ደረሰኙ ተዘጋጅቷል። ለመክፈት እዚህ ይጫኑ» የሚል ሊንክ ከበተኑ ሥር አስቀምጡ። አዲሱ ክሊክ አዲስ ፈቃድ ስለሆነ ይከፈታል።

የመስኮቱን ስፋትና ቁመት መወሰን በስልክ ላይ ትርጉም የለውም፤ ሙሉ ታብ ሆኖ ነው የሚከፈተው።

ደረጃ 6፦ ከሌላ አፕ ውስጥ ለሚመጣው ተጠቃሚ

ሊንካችሁ በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ ከተሰራጨ ብዙ ሰው የሚያየው በአፑ ውስጥ በተሠራ ትንሽ ብራውዘር ሊሆን ይችላል። አንድሮይድ ላይ «ዌብቪው» የሚባለው ክፍል ከአንድ በላይ መስኮት መደገፍን አፑን የሠራው ሰው ካልፈቀደ አያውቀውም። አዲስ መስኮት ስትጠይቁት ገጻችሁን አጥፍቶ በቦታው ሊከፍተው ይችላል። ባዶ መስኮት ከፍቶ በኋላ አድራሻ የመስጠቱ ዘዴ እዚህ ይበላሻል፤ ለሁለት እርምጃው ያደላሁበት ሌላው ምክንያት ይህ ነው።

ፋይል ማውረድም የአፑን ፈቃድ ይጠይቃል። ደረሰኙን በፒዲኤፍ ብቻ አትስጡ፤ እንደ ተራ ገጽም ይነበብ፤ ተጠቃሚው ቢያንስ የስክሪኑን ፎቶ ያነሣል። «ኮንፈርም»ም እንዲሁ ነው። አፑ ካላስተናገደው ሳጥኑ ሳይታይ «አይ» የሚል መልስ ይመለሳል፤ ተጠቃሚው «ሰርዝ» ሲል ምንም አይሆንም። ከሌላ ዶሜን በመጣ አይፍሬም (በገጹ ውስጥ በተካተተ ሌላ ገጽ) ውስጥም ብራውዘሩ እነዚህን ሳጥኖች ላያሳይ ይችላል። ሁሉንም በ«ዳያሎግ» ተኩ።

ደረጃ 7፦ የፈቃድ ጥያቄዎች

አጭር ነው። የኖቲፊኬሽን ፈቃድ ገጹ እንደተከፈተ አትጠይቁ። ፋየርፎክስ ከጃንዋሪ 2020 ወዲህ ያለ ክሊክ የመጣን ጥያቄ አያሳይም፤ ትንሽ ምልክት ብቻ ያስቀምጣል። «ዕቃው ሲመጣ አሳውቁኝ» የሚል በተን አድርጉ፤ ጥያቄው እሱን ተከትሎ ይምጣ።

ደረጃ 8፦ ሙከራ

ከመሞከራችሁ በፊት ብራውዘራችሁ ለሳይታችሁ ቀድሞ የሰጠውን ፈቃድ ሰርዙ። በሥራ ላይ ሳላችሁ አንድ ጊዜ «ፍቀድ» ብላችሁ ከሆነ ክሮም ያስታውሰዋል፤ ለእናንተ ሁሉም ይከፈታል። ከዴቨሎፐር ኮንሶል በተጻፈ ኮድም አትፍረዱ፤ ክሮም እዚያ የተጻፈውን እንደ ተጠቃሚ ድርጊት ሊቆጥረው ስለሚችል የማይከፈተው መስኮት ይከፈታል።

ከዚያ በኔትወርክ ማዘግያው ላይ 3ጂን ምረጡ፤ ሰርቨሩም መልሱን ስምንት ሰከንድ እንዲያዘገይ አድርጉ። እያንዳንዱን ምልክት የተደረገበት በተን በዚህ ሁኔታ ተጫኑ። ቀጥሎ በእውነተኛ አይፎን በሳፋሪ፣ ከቴሌግራም ውስጥ በተከፈተ ሊንክ፣ በዩብሎክ ኦሪጅን፣ እና አይጤ ሳይነካ በኪቦርድ ብቻ ድገሙት። ጊዜ የሚበላው ቴሌግራሙ ነው፤ ግን ሊዘለል አይገባም።

የመጨረሻው ሥራ መዝገብ መያዝ ነው። በደረጃ 5 ያስቀመጣችሁት ተጠባባቂ ሊንክ በታየ ቁጥር የበተኑን ስምና የብራውዘሩን ዓይነት ወደ ሰርቨር ላኩ፤ የሰውየውን ማንነት መመዝገብ አያስፈልግም። ከአንድ ወር በኋላ መዝገቡን ክፈቱት። ሊንኩ አዘውትሮ የታየበትን በተን ወስዳችሁ ደረጃ 3 ላይ እንደ አዲስ ጀምሩት፤ ያ መስኮት በገጹ ውስጥ ሊሠራ የሚችል ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ ካልሆነም ወደ ሁለት እርምጃው አዛውሩት።